የተደፋው ድስት

ሃያ ዓመት ሙሉ በር እያንኳኳ የውሃ ቆጣሪ ላነበበው ሰውዬ መሥሪያ ቤቱ ዘንድሮ እግሩን አሳረፈለት፤ አፉንም ጭምር። በየቆጣሪው ላይ ሳሙና የምታክል መሣሪያ ተገጠመች። በአንድ ባትሪ ዐሥር ዓመት ትኖራለች፤ በቀን አንዴ የቆጣሪውን ቁጥር በአየር ከተማውን አሻግራ ትልካለች። እሱ የሚላከው አንዷ ዝም ካለች፣ በማግስቱ ብቻ ነው።

ዳገቱ ጫፍ ያለችው የአንዲት እማማ መሣሪያ ግን በሁለት ወር ሦስቴ ዝም አለች። በሁለተኛው የተላከው ሌላ ተረኛ ነበር፤ በሦስተኛው እሱ እያለከለከ ወጥቶ ሲያይ፣ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ትልቅ የብረት ድስት ተደፍቶባታል።

"እማማ፣ ደግሞ ድስት?"

"ዝናብ እንዳይመታት ብዬ ነዋ፣ ልጄ።"

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ዝናብ ከጠፋ ወር አልፎታል።

"ብረት ሲደፋባት መልእክቷ ይታፈናል ብዬ ነግሬዎት የለም እንዴ?"

"ነግረኸኛል እንጂ!" አሉ በሩን ወለል አድርገው እየከፈቱ። "ድሮ በየወሩ ትመጣ ነበር። አሁን እሷ ዝም ካላለች አንተን ማን ያመጣልኛል? ግባ፣ ሻዩ ሳይበርድ።"

ገብቶ ሻዩን ጠጣ፤ የጉልበታቸውን ነገር፣ የጎረቤታቸውን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲወጣ ድስቱን አነሣላቸውና ጥቂት አመነታ።

"እማማ፣ ሲደፉት ሰኞ ይሁን" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የማክሰኞ ተረኛ እኔ ነኝ።"