ለመረከብ የመጣው ወኪል

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ታኮ ያለው የሴት ጫማ ደረጃውን እየወጣ ነው። ልብስ ሰፊው እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ አዳመጠ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ደንበኛ እንኳ ጨርቁን ታች ለዘበኛው ሰጥቶ ይሄዳል።

«መጣች» አለ ለራሱ። ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ የጠረገውን ክፍል በዓይኑ ቃኘ። ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲቆለልበት የኖረው ሁለተኛው ወንበር ዛሬ ባዶ ነው፤ ለእሷ ብሎ ነው ያራገፈው።

የስፌት መኪናው የአባቱ ነበር። አባትየው ሲሞቱ በኑዛዜ ለታላቅ እህቱ ተውላት፤ እሷ ግን መርፌ ይዛ አታውቅም፣ ጠይቃውም አታውቅ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በሠርጓ ማግሥት፣ ባሏ በተቀመጠበት፣ ልብስ ሰፊው ስለ ሙሽራው ኮት «ኮቱ ልኩ ነው፤ ሰውየው ነው የጠበበው» ብሎ አፌዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምጿን አልሰማም። አምና ድንገት መኪናውን እንዲመልስ የክስ መጥሪያ ደረሰው። እንካችሁ ብሎ መገላገል ሲችል ተከራከረ። ችሎት ትመጣለች ብሎ ነው። ወኪል ላከች። ተፈረደበት። ያም ሆኖ አላስረከበም። «ለመከራከር ሰው ይላካል፤ ለመረከብ ግን ባለቤቷ ራሷ መፈረም አለባት» ብሎ በገዛ ራሱ ደምድሞ፣ ርክክብ የተቀጠረበትን የዛሬን ቀን ሲጠብቅ ነበር። ማንንም አልጠየቀም፤ የሚጠይቀውስ ማን አለው?

በሩን ከፈተ። ባለታኮዋ ፋይል ያቀፈች የፍርድ አስፈጻሚ ናት። ከኋላዋ ወኪሉ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ሜትሩ፣ እንደምን ዋልክ?» አለ ወኪሉ። ሜትር ከአንገቱ ስለማይጠፋ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራው በዚህ ነው። «ይሄ ደረጃህ ለብቻው ክስ ያስመሠርታል።»

«እትዬስ?»

«እሷማ ሩቅ ናት።»

«እንግዲያው አላስረክብም። ራሷ መጥታ ፈርማ ትውሰድ።»

አስፈጻሚዋ አንድ ወረቀት መዝዛ ዘረጋችለት። «ጋሼ፣ ይቺን ያንብቧት።»

ውክልናው ነበር። «በስሜ እንዲከራከር፣ ፍርዱን እንዲያስፈጽም፣ ንብረቱን ተረክቦ እንዲፈርም» ይላል። ደግሞ አነበበው። ከግርጌው ፊርማዋ አለ፤ የመጨረሻዋን ፊደል ጅራት ልክ እንደ ልጅነቷ ጎትታዋለች። በጣቱ ዳሰሰው።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ሲባል አልሰማችም?» አለ።

«መቃወሚያ ካለዎት ላስፍረው» አለች አስፈጻሚዋ፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

«የለኝም። ሆድ ይፍጀው።»

የጀመረውን ሱሪ ከመርፌው ሥር አወጣ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። የዘይቱን ጠርሙስ ለወኪሉ ሰጠው። «በየሳምንቱ ለመኪናዋ ጠብ ያድርጉላት በላት። ስትጮህ ታመመች ማለት አይደለም፤ ጠምቷት ነው።»

ወኪሉ ፈረመ፤ ልብስ ሰፊውም ፈረመ። ያመጣቸው የታክሲ ሹፌር ከታች ተጠርቶ መጣና ከወኪሉ ጋር መኪናውን ተሸክመው ወጡ፤ አስፈጻሚዋም ተከተለቻቸው። መኪናው በቆመበት ወለል ላይ አራት የእግር ምልክት ቀረ።

ሰዎቹ የስፌት መኪናውን ታክሲው ላይ ጭነው ሲጨርሱ ልብስ ሰፊው ወደ መስኮቱ ሄደ። ታች የቆመው ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ በኋላ መስታወቱ የምትታይ ሻሽ ያሰረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ቀሚስ በሰፋላት ቁጥር በዚያ በኩል ጥጥ የሚደርብላት እሱ ነበር።

«እትዬ!»

ሴትዮዋ ቀና አለች። እሱ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ፤ ሜትሩ ከኋላው ይንዘላዘላል። የሕንፃው በር ላይ ሲደርስ የታክሲው በር ተከፍቷል፤ አንድ እግሯ አስፋልት ረግጧል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እግሯን ሰበሰበች፣ በሩን ዘጋች፣ ታክሲውም ሄደ።