ያልተመረጠው ፎቶ

«አላውቅህም ብሎታል» አሉ ጋሽ ብልጭታ፣ በአንድ እጃቸው ካሜራውን በሌላው ስልካቸውን እንደያዙ ከአዳራሹ ደረጃ ሥር ተቀምጠው። «ስልኩ ካሜራውን ዓይቼውም አላውቅ ብሎ ድርቅ አለ።»

የሙሽራይቱ ሚዜ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «እስቲ ያሳዩኝ። ውይ ጋሼ! ሆትስፖቱን መቼ ከፈቱት? የስልክዎን ኢንተርኔት ካላካፈሉት ካሜራው በምኑ ይላክ?»

«እኔማ አጠገብ ላጠገብ ካስቀመጥኳቸው ይግባባሉ ብዬ።»

«ሰው መሰሉዎት እንዴ!» እየሳቀች ስልኩን ነካ ነካ አደረገችው። ካሜራው ላይ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት በራች። «በቃ፤ አሁን እርስዎ ማንሳት ብቻ ነው፤ መላኩን እሱ ያውቅበታል።»

ጋሽ ብልጭታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርግ ያነሱ ሰው ናቸው። ሳይመርጡ ግን ፎቶ አያሳዩም። ዓይኑን የጨፈነው፣ አፉን የከፈተው፣ የደበዘዘው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይቀራል። «እስቲ አንዴ ብቻ እንየው» ብሎ የለመናቸው ሙሽራ ስንት ነው! ንክች አያደርጉትም።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። የሙሽራይቱ እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ልጅቱ ሠርጉን ላራዝመው ብትል፣ «ካራዘምሽው ከአልጋዬ ወርጄ እመጣልሻለሁ፤ ያኔ የቀረኝም ይሰበራል» ብለው አስፈራሯት። ስለዚህ ፎቶው እንደተነሳ እናትየውን የምታስታምመው አክስቷ ስልክ ላይ እንዲደርስ፣ እናትም በተኙበት ሠርጉን እንዲያዩ ተስማሙ።

የአበባው፣ የጫማው፣ መስታወት ፊት ሆና የምትስቀው ሙሽራ ፎቶ ሁሉ ሄደ። «ደረሰ! ደረሰ!» አለች አክስትየዋ በአንዲት ነርስ ስልክ ለሚዜዋ ደውላ። «እኅቴ ስልኬን ነጥቃኛለች፤ እኔንም አታሳየኝ!»

ከዚያ ሌላው ሰው ሁሉ ከመልበሻ ክፍሉ ወጣ። ሙሽራይቱ ግንባሯን የመስኮቱ መስታወት ላይ አስደግፋ ቆማለች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ጋሽ ብልጭታ ጣታቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ማንሻውን ተጫነ። እንዲህ ያሉትን ለራሳቸው ያነሳሉ፤ ለማንም አይሰጧቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ሚዜዋ ስልኳን ጆሯቸው ላይ ለጠፈችው።

«ልጅቷን ምን አደረጋችኋት?» አክስትየዋ ነበረች። «እኅቴ ልሄድ ነው ብላ ብርድ ልብሱን ጥላለች! ነርሷና እኔ ይዘናት ነው ያለነው!»

ጋሽ ብልጭታ ክው አሉ። ለካ ካሜራው ምርጫ የሚባል አያውቅም። ‘የመስኮቱ ብርሃን ነው እንዲያ ያስመሰላት’ ሊሉ አፋቸው ላይ መጣ፤ ዋጡት። ስልኩን ይዘው ወደ ሙሽራይቱ ገቡ።

«ልጄ፣ አጠፋሁ። ስታለቅሺ አንስቼሽ ነበር። ለእናትሽ ደረሳቸው።»

«ምን?» ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ! ስንት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኛል፣ ምንም አልሆንኩም እያልኩ… እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል?»

«እውነትሽን ነው። አሁን ግን ከአልጋ ልውረድ እያሉ ነውና አናግሪያቸው።»

ስልኩን ተቀበለች። የእናትየው ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ማነው ያስለቀሰሽ? እሱ ነው?»

«ማንም አይደለም እማ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ሆዴ?»

ሙሽራይቱ ለመዋሸት ትንፋሽ ሳበች፤ አልሆነላትም። «ቬሎውን ስለብስ… ከኋላ የምትቆልፊልኝ አንቺ ነበርሽ። ሌላ ሰው ሲቆልፍልኝ ሆዴ ባባ።»

እናትየው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ተሰማ። «እኔስ ከጠዋት ጀምሮ እያለቀስኩ አይደል? ፎቶ የሚያነሳኝ አጥቼ ነው እንጂ።»

ሙሽራይቱ እያለቀሰች ሳቀች።

«ስሚኝ» አሉ እናትየው። «ያ ሁሉ የሳቅሽበት ፎቶ ሲመጣ፣ ይቺ የመጽሔት ሙሽራ ማን ናት እያልኩ ነበር። ልጄን ያየኋት አሁን ነው። በይ ዓይንሽን ጥረጊና ውጪ። እኔም ብርድ ልብሴን እለብሳለሁ።»

ሙሽራይቱ ስልኩን መልሳ ጋሽ ብልጭታን ለአፍታ አየቻቸው። ክንዳቸውን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀቻቸው።

ወደ አዳራሹ ሲሄዱ ሚዜዋ ተጠጋቻቸው። «ጋሼ፣ ከፈለጉ እኮ እርስዎ የመረጡትን ብቻ እንዲልክ ይደረጋል። ይቺን አረንጓዴ ምልክት መንካት ነው።»

«ይቻላል እንዴ? ምነው ቀድመሽ በነገርሽኝ!» አውራ ጣታቸውን ምልክቷ አጠገብ አስጠግተው ሊነኩ ሲሉ በሩ ተከፈተ።

ሙሽራው እጁን ዘርግቶ ወደ ሙሽራይቱ መጣ፤ በጥድፊያው የቬሎዋን ጫፍ ረገጠ። ሁለቱም ተንገዳገዱ። እሷ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ ከት ብላ ሳቀች። ጋሽ ብልጭታ ሳያነጣጥሩ ተጫኑት።

ፎቶውን አዩት። ደብዝዟል። የሙሽራው ግማሽ ፊት የለም፤ የሷ አፍ እስከ መንጋጋዋ ተከፍቷል። በድሮው ሕጋቸው ቢሆን ይህ ፎቶ ከቤታቸው አይወጣም ነበር። ለመሄድ ገና ጥቂት ቀርቶታል፤ አውራ ጣታቸውም እዚያው ምልክቷ አጠገብ አለ፤ ከነኳት ፎቶው ይቀራል።

እዚያ ማዶ ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው የሚጠብቁትን ሴት አሰቡ።

«ይሂድ» አሉ ለራሳቸው፣ ጣታቸውንም አነሱ።