በገዛ መርፌዋ

ድንቡሼ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ገና በእግሯ ሳትሄድ ጉንጯንና ሆዷን አይተው እንደ ቀልድ ጣል አደረጉት። ቀልዱ ግን አብሯት አደገ፣ አብሯት ትምህርት ቤት ገባ፣ አብሯት ተዳረ። ያገባት የጭነት መኪና ሹፌርም በዚያው ስም ነበር የሚጠራት። ሌላ ሰው ሲጠራት ዞር ትላለች፤ እሱ ሲጠራት ግን ሳታስበው ሆዷን ወደ ውስጥ ትስባለች።

ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው፣ በተለይ የሙሽራ። በዚህ ሙያ የሚስተካከላት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወገብ የሚያቀጥን እጥፋት፣ ሆድ የሚያስተኛ ገበር፣ አጭሯን ረዘም የሚያደርግ ስፌት፣ ሁሉም ከእጇ ይወጣል። ሙሽሮች መስታወቷ ፊት ቆመው ራሳቸውን ማመን ያቅታቸዋል። ለራሷ የምትሰፋው ግን ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ዝም ብሎ የሚወርድ ከረጢት ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼው ነው።

ልጆቿ አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ ሐኪም ስኳርሽ ከፍ ብሏል ብሎ አስፈራራትና ምግብ ቀነሰች፣ በእግሯ መሄድ ጀመረች፣ ከሰውነቷም ብዙ ወረደላት። ቆዳው ግን አልወረደም። እንግዳ ካፖርቱን ረስቶ እንደሄደ፣ ሆዷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስትቀመጥ ጭኗ ላይ ያርፋል፣ ስትታጠብ በእጇ አንስታ ሥሩን ታደርቃለች። ከውፍረቱ ይልቅ በዚህ አፈረች።

ሹፌሩ ከመንገድ ሲመለስ ምሳውን ይበላል፣ መጋረጃውን ጋረድ ያደርጋል፣ ጋደም ይላል። «ነይ እንጂ» ይላታል። እሷ በጀርባዋ፣ እሱ በጎኑ ይሆኑና መዳፉን ሆዷ ላይ አሳርፎ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። ሌላ ሐሳብ የለውም፤ መሪ ሲጨብጥ የሰነበተ እጅ ማረፊያ ነው የሚፈልገው። እሷ ግን ማንኮራፋቱን እስክትሰማ ትንፋሿን ይዛ ትቆያለች፣ ከዚያ እጁን ቀስ ብላ አንስታ ፍራሹ ላይ ታኖረዋለች። የዚህች ሴት ምኞት ታዲያ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ያ እጅ እዚያው እንዳለ፣ ትንፋሿን ሳትይዝ፣ አንድ ቀን አብራው ማንቀላፋት።

ሆድ የሚያጠብቅ ቀዶ ጥገና እንዳለ የሰማች ዕለት ነገረችው።

«ለኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው» አላት። «እኔ መቼ አማረርኩ?»

«ለራሴ ነው።»

ውሸቷን ነበር። እሱ ደግሞ የሚስቱን ቃል የሚጠራጠር ሰው አይደለም።

ሐኪሙ ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት አቁሟት በሰማያዊ እስክሪብቶ ሆዷ ላይ መስመር ማስመር ጀመረ። ድንቡሼ አጎንብሳ አየችና «ዶክተር፣ በግራ በኩል ወረድ ብሏል» አለች።

ራቅ ብሎ አየው። «እውነትሽን ነው» አለና አስተካከለው። «ልብስ ሰፊ ነሽ ለካ።»

«እርስዎም ያው ነዎት።»

አብረው ሳቁ። ጉድ የሠራት ያ ሳቅ ነው። የእሱና የእሷ ሙያ አንድ ነው የሚል ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ገባና ተቀመጠ።

ሹፌሩ ረጅም መንገድ ወጥቶ ስለነበር ያስታመመቻት ታላቅ እህቷ ናት። ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚሄድ ስፌት አለባት፣ ከጎኗ ቱቦ ተንጠልጥሏል፣ ከላይ ደግሞ ከጡቷ ሥር እስከ ጭኗ አጥብቆ የሚይዝ ኮርሴት አልብሰዋታል። ቀጥ ብላ መቆም አትችልም። ግድግዳ ይዛ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች፣ ሳል ሲመጣባት ትራስ ታቅፋለች። ፋሻው መጀመሪያ የተፈታ ቀን ግን መስታወት አስመጥታ አየች። ሆዷ ተኝቷል። ከሥሩ ቀይ ክር የመሰለ ቀጭን መስመር ብቻ አለ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ በደስታ አለቀሰች።

ነርሷ ፋሻውን መልሳ እያሰረች አስጠነቀቀቻት። «እብጠቱ ሲቀንስ ኮርሴቱ ይሰፋሻል። ያን ጊዜ እኛ ጋ ነይ፣ በልክሽ እንቀይርልሻለን። ራስሽ እንዳትነኪው፣ እሺ የኔ እናት?»

«እሺ» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ብሎ በቀረ ነበር። ልብስ ሰፊ ግን ተጣሞ የተሰፋ ነገር ገላው ላይ አድርጎ ዝም ማለት አይሆንለትም። እብጠቱ ሲጎድል ኮርሴቱ ጎኗ ላይ መንሳፈፍ ጀመረ። ስፌቱ ደግሞ ቅሌት ነበር፤ ላስቲኩ ተንጋዷል፣ ክሩ ያለ ቋጠሮ ተለቋል። «ይኼን የሰፋ ሰው ሴት ልጅ አይቶ አያውቅም» አለች። እህቷ ገበያ በወጣችበት ቀስ ብላ ተነስታ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ጎንና ጎኑን ፈታ ሁለት ሁለት ጣት አጠበበችው፣ ከፊት ደግሞ ለሙሽሮች የምታደርገውን ጠንካራ ገበር ደረበችበት። ስትለብሰው ሆዷ እንደ ጠረጴዛ ለጥ አለ።

አንዲት ሙሽራ ልብሷ ከልክ በላይ መጥበቁን ድንቡሼ የምታውቀው ሙሽራዋ «አመመኝ» ስትል ነው። ያን ጊዜ ግማሽ ጣት ትለቅላታለች፤ ልኩ እሱ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው እንደዚህ ነው። አሁንም ያው «አመመኝ» እስኪመጣ ጠበቀች። ሆዷ ምንም አላለም። ስለዚህ ሰነባብታ በሌላ ጣት አጠበበችው። ቆዳው ሲቆረጥ ስሜቱም አብሮ እንደተቆረጠ፣ እዚያ ቦታ «አመመኝ» የሚል ነገር እንዳልቀረ አላወቀችም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ አልተረፋትም። እህቷ አንድ ጠዋት ፋሻ ልትቀይር ፈታ ደነገጠች። ከእምብርቷ በታች መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሯል፣ ስፌቱ መሃል ላይ ለቋል፣ ክፍሉን ደስ የማይል ጠረን ሞላው።

ክሊኒኩ ውስጥ እህቷ ወንበር አሻፈረኝ ብላ ቆማ ነው የተናገረችው። «ደህና ሰው ሰጥተናችሁ ነው እንዲህ ያደረጋችኋት። እህቴ ዶሮ አይደለችም።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቁስሉን አየ፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ኮርሴት አነሳ። ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው ገለበጠውና አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ አስኬደው።

«ይኼን ማን ነካው?»

«ማን ይነካዋል?» አለች እህቷ። «እናንተው የሰጣችሁት ነው።»

«የኛ ስፌት እንዲህ አያምርም» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

ድንቡሼ ጣሪያውን እያየች «እኔ ነኝ» አለች። እህቷ መጀመሪያ አልገባትም ነበር። ሲገባት ባዶ ቆሞ የነበረው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «በገዛ እጅሽ?» አለቻት።

«ጨርቅ ደም የለውም፣ የኔ እህት» አለ ሐኪሙ። «ቆዳ ግን በደም ነው የሚኖረው። አጥብቀሽ ስትይዢው ታፈነ።»

የሞተውን ቆርጠው ጣሉት። የጎደለውን በስፌት መግጠም ስለማይቻል ቁስሉ ክፍት ሆኖ ከሥር እየሞላ እንዲድን ተተወ። ወራት ፈጀ። በየጊዜው ፋሻ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይታሰራል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የሚያሳፍረው ነገር አለማመሙ ነበር፤ ቢያማት ኖሮ ቢያንስ በህመሙ ታለቅስ ነበር።

በመጨረሻ ዳነ፣ ዳነ ከተባለ። ሁለቱ ዳርና ዳር ያው ቀይ ክር ነው። መሃሉ ግን ወፍራም፣ ወይን ጠጅ የመሰለ፣ የተጨማደደ ጠባሳ ሆኖ እምብርቷን ወደ አንድ ጎን ስቦታል። ዳሩ የሐኪሙ፣ መሃሉ የእሷ ሥራ ነው፤ ከማንም በላይ እሷ ለይታ ታየዋለች። ሐኪሙ ወደፊት ጥቂት ማሻሻል ይቻል ይሆናል አላት። «ስሜቱ ግን መሃል ላይ አይመለስም» ብሎም ነገራት። እሷ ስለ መልኩ ብቻ እያሰበች ስለነበር ይህን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ስትቆርጥ እስፒል ቀሚሷን አልፎ ገብቶባት ነበር። ማታ ልብሷን ስትቀይር እዚያው ተሰክቶ አገኘችው። ነቅላ ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

ሹፌሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። «ቁስሉ ገና ነው» ትለዋለች፣ እሱም እንዳይነካት ብሎ ሳሎን ይተኛል። ድንቡሼ ማለቱን ተወ፤ ቅር ይላት ይሆናል ብሎ ነው። በምን እንደሚተካው ስላላወቀ «ስሚ» ማለት ጀመረ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠላችው ስም አሁን ናፈቃት። አንድ ጊዜ እንኳ ድንቡሼ ብሎ ቢጠራት ብላ በር በሩን ታያለች።

«እስከ መቼ ትደብቂዋለሽ?» አለቻት እህቷ። «ባልሽ እኮ ነው፣ ጎረቤት አይደለም።»

«ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።»

«ሆድሽንማ ፈጀሽው» አለች እህቷ፤ ወዲያው ደግሞ ተጸጽታ ጉንጯን ሳመቻት።

በሚቀጥለው እሑድ ሹፌሩ ምሳውን በልቶ እንደ ልማዱ ወደ ሳሎን ሲያቀና ድንቡሼ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። «ና እዚህ ተኛ» አለችው። መጋረጃውን አልጋረደችም። አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኛችና ቀሚሷን እስከ ጡቷ ሰበሰበች። ዓይኖቿን ጨፈነች።

ሹፌሩ ቆሞ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። መንገድ ላይ ግጭት አይቶ እንደሚያልፍ ሰው ዓይኑን አላሸሸም።

«ያምሻል?»

«አያምም።»

«እንግዲህ ካላመመሽ…» አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ጫማውን አወለቀ። አልጋው በጎኗ በኩል ዝቅ ሲል ታወቃት። ትንፋሹን አንገቷ ላይ ሰማች። አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀች።

አልመጣም። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል፣ ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ እጁ አይመጣም። ተጸየፈኝ አለች በልቧ። ካፖርቱን ሳይጸየፍ የኖረ ሰው፣ ለእሱ ብዬ ባወለቅሁት ተጸየፈኝ። እንባዋ በጆሮዋ ላይ ወርዶ ትራሱን ነካ። ከሐኪሙ ቃል ጀምሮ እስከ እስፒሏ የምታውቀውን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ሰው ግን የሚያውቀው ነገር በሚያስፈልገው ሰዓት ትዝ አይለውም።

«ግዴለህም፣ አልቀየምህም» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ካስጠላህ እጅህን አታሳርፍ።»

«እ?» አለ በእንቅልፍ ድምፅ። «እጄማ እዚያው ነው፣ ድንቡሼ። ከተኛሁ ጀምሮ። ከበደሽ እንዴ? ላንሳው?»

እጇን ወደ ታች ላከች። የእሱን ጣቶች አገኘች፤ ሻካራና ሙቅ ናቸው፣ ጠባሳው መሃል ላይ ተዘርግተዋል። ሙቀታቸውን በራሷ መዳፍ ነው ያወቀችው።

«ተወው» አለችው።

ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። ትንፋሿን አልያዘችም፤ ሆዷም ተኝቷል፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ ነገር የለም። እጁ መኖሩን ለማወቅ ግን በየጊዜው ቀና እያለች ታይ ነበር።