የጅጅጋ ወሬ በመካነ ሰላም

ሸዋረግ እንደወትሮው ጎህ ሲቀድ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፤ ሬድዮዋን ድምፁን ቀንሳ መጀመሪያ አዲስ አበባን፣ ቀጥላ በአማርኛ የሚያወራውን የሞቃዲሾ ጣቢያ ሰማች። የሰማችውን ደብተሯ ላይ አሰፈረች፤ ጠመኔዋን ይዛም ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወረደች።

ውጭ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከእሑድ በቀር በየማለዳው ዜና መጻፍ የእሷ ሥራ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ከከላላና ከወግዲ የመጣ ገበያተኛ ይሰበሰብበታል። ወሬው ከማን እንደተሰማ ሳትጽፍ አትጀምርም፤ ከተማው ይህን ለምዶላታል። እስከ ዛሬ ግን የምትጠቅሰው አንድ ሬድዮ ብቻ ነበር።

ዛሬም ቅዳሜ ነው፤ እጇ ሰሌዳው ላይ ቆመ። ጎረቤቷ አበዛሽ ረፋዱ ላይ በሚነሳው የጭነት መኪና ልትሳፈር ነው። ከሶማሊያ ጋር በድንበር በተነሳው ጦርነት ልጇ አባተ ጅጅጋ ዘምቷል፤ በሶ ልታደርስለት ክረምቱ የዘጋው መንገድ እስኪከፈት ስትጠብቅ ከርማለች። አዲስ አበባ ስለ ጅጅጋ ያለው ነገር የለም። ሞቃዲሾ «ይዘናታል» ይላል። ቢዋሹስ? እውነት ቢሆንስ?

ሁለቱንም ጻፈች። ከሥሩም «የቱ እውነት እንደሆነ አላረጋገጥንም» ብላ ጨመረች።

የቀበሌው ሊቀመንበር አምባቸው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

«ጓድ ሸዋረግ፣ ሞቃዲሾ ቀጠረችሽ እንዴ?»

«አሉ ነው ያልኩት። ሆነ አላልኩም።»

«ገበያተኛው ይህን የሚለይ ይመስልሻል?»

«አበዛሽ ዛሬ ትሳፈራለች» አለችው።

አምባቸው በጋቢው ጫፍ የሞቃዲሾን ወሬ ጠረገው፤ ከሥሩ የጨመረችውንም።

ወዲያው አበዛሽ ጆንያዋን አዝላ ደረሰች።

«ሸዋዬ፣ ሰሌዳሽ ምን ይላል? ደህና ነው በይኝና ልሂድ። ሾፌሩ ውበቱ ከፊት ሊያስቀምጠኝ ነው፣ እንደ ሙሽራ!»

አምባቸው ሸዋረግን አፍጥጦ አያት። ሸዋረግ ጠመኔዋን አስቀመጠች።

«የእኛ ሬድዮ ስለ ጅጅጋ ዝም ብሏል፣ እማማ። የእነሱ ይዘናታል ይላል። እውነቱን አላውቅም።»

አበዛሽ ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

«አንተስ አምባቸው? ከአባተ ጋር በአንድ ገበታ የበላህ፣ አንተስ ታውቃለህ?»

አምባቸው ጠመኔ የነካውን ጋቢውን ተመለከተ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

መኪናው ሦስት ጊዜ ጡሩምባውን ነፋ። አበዛሽ ጆንያዋን አወረደችና ላዩ ላይ ተቀመጠች። አራተኛ ጥሪ አልነበረም፤ መኪናው ያለ እሷ ተነሳ።

ሰኞ ማለዳ ሸዋረግ ጠመኔዋን ይዛ ስትወርድ ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማሮች ብቻ ቀርተዋል። ሰሌዳው የለም። ከአባተም ወሬ የለም።