ያላቆመው ማቆሚያ

ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ በመዳፏ መታችው፤ ማሽኑ ግን አልቆመም። ከማሰሪያው የተላቀቀው ጣውላ ከመቁረጫው ጋር እየተንገጫገጨ ወደ እሷ ይንሸራተታል። ደግማ መታችው። ወይ ፍንክች! ተንደርድራ ሶኬቱን ከግድግዳው ስትነቅለው ነው ጸጥ ያለው።

ይህን ትንሽ፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ሲኤንሲ ማሽን እሷና ባሏ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ከየቦታው በለቃቀሙት ዕቃ የገጣጠሙት ነው። እሷ የበር ላይ ጽሑፍና የእንጨት መጫወቻ ትቀርጽበታለች። ሰሞኑን በሥራ መሃል ቀጥ እያለ ሲያበግናት ሰነበተና ትናንት ባሏ «ጠግኜዋለሁ» አላት። እውነትም ማሽኑ ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ አንዴም አላስቸገራት። አሁን ስታስበው፣ ያ ድንገተኛ ጨዋነቱ ራሱ አላማራትም።

ባሏ ጩኸቱ ሲቋረጥ ሰምቶ መጣ።

«ምነው አጠፋሽው?»

«ትናንት እንዴት አድርገህ ነው የጠገንከው?»

«የላላ ሽቦ ነበር፤ አጠበቅኩታ።»

«የትኛው ሽቦ?»

«አንቺ ደግሞ! መርማሪ ሆንሽብኝ እኮ።» ሳቅ አለ፤ ዓይኑ ግን ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ አልተነሳም።

ካቻቢቴ አንስታ ሳጥኑን ከፈተችው። ከማቆሚያው የሚመጡት ሁለቱ ሽቦዎች ተነቅለው ጥግ ላይ ተጠቅልለዋል። በእነሱ ቦታ ጣት የማታክል ሽቦ እነሱ ይታሰሩባቸው የነበሩትን ሁለት ቦታዎች አገናኝታለች። ማሽኑ የተሠራው የማቆሚያው መስመር ከላላ ወይም ከተበጠሰ ወዲያው እንዲቆም ነበር። ይህቺ አጭር ሽቦ ግን፣ የመጣው ቢመጣ፣ «ሁሉም ደህና ነው» እያለች ስትዋሸው ውላለች።

«ለዛሬ ብቻ ብዬ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥራሽ እንዳይስተጓጎል።»

«ታዲያ ንገረኛ! ጠግኜዋለሁ ለምን ትለኛለህ?»

«እንዳላስከፋሽ ብዬ…»

እሷ ግን ቤቱን በሐሳቧ እየዞረች ነበር። የምድጃው ማብሪያ፣ የበረንዳው መብራት፣ የሚያፈሰው ቧንቧ፤ ሁሉንም «ጠግኜዋለሁ» ብሏት፣ እሷም «ተባረክ» ብላ አልፋለች።

በዚህ መሃል አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ውሃው ሞቆልኛል? ገላዬን ልለቃለቅ ነበር።»

የመታጠቢያ ቤቱ ማሞቂያ ባለፈው ሳምንት ሲነኩት ይነዝር ነበር። እሱንም የጠገነው ባሏ ነው።

ዞራ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«እናትህ ናቸው። ይግቡ?»

ዓይኑን ወደ እናቱ ፎጣ አሸሸ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማማ» አለች። የማሞቂያውን መስመር ከቆጣሪው አጥፍታ ተመለሰችና ካቻቢቴውን ለባሏ ዘረጋችለት።

«ክፈተው» አለችው። «እኔ እያየሁ።»