ኖር የማይባልላቸው ሰዎች

ጠዋት ፀዳለ ወደ ቢሮዋ ስትወጣ የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር ትቆልፈዋለች። ጓጉንቸሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ሌባ እንዳይገባ ብዬ። አሁን እኔ እንዳልወጣበት ሆነ። ልጄ ናት፣ አንዲት ልጄ፤ ታዲያ ምን ልበላት? ቀጭ ሲል እሰማና ለራሴ "ደህና ዋይ፣ አሰገደች" እላለሁ።

ነገሩ የመጣው ከመውደቄ ነው። ባለፈው ክረምት በደጃችን ያለውን የጎርፍ ቦይ ስሻገር እግሬ ከዳኝና እዚያው ቦዩ ውስጥ ተዘረርኩ። ዝናቡ ደግሞ ያ የዲላ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ላይ ሰው የሚባል አልነበረም። ፀዳለ ከሥራ ስትመለስ ራሴን ደም አልብሶት አገኘችኝ። አጥንቴ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ እየተነሳች ትንፋሼን ታዳምጣለች። እኔም ተኝቼ የማላይ መስያት እተዋታለሁ።

ከቦዩ ማዶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ሀዲጃ አለች። ሁለታችንም ሙሽሮች ሆነን ነው ዲላ የገባነው፤ እሷ ከጉራጌ አገር፣ እኔ ከሸዋ። እሷ ጨርቅ ትሸጥ ነበር፣ እኔ ጨውና በርበሬ። የሷ ጾም ሲገባ ልጆቿ እኔ ቤት ምሳ ይበሉ ነበር፣ የኔ ሲገባ ፀዳለ እሷ ቤት ወተቷን ትጠጣ ነበር። ሳንተያይ የዋልንበትን ቀን አላስታውስም። አሁን ልቧ ታሞ እግሯ አብጧል። አዲስ አበባ ያለው ልጇ ሙሐሲን "ከአረፋ በኋላ እወስዳታለሁ፣ ሐኪም አጠገብ ትሁን" ብሏል። ለመመለስ አይደለም። ቤቱንም ዘግተው ነው የሚሄዱት።

ፀዳለ አትወስደኝም ልል አልችልም፣ ወስዳኛለች። አንድ እሁድ ብብቴ ሥር ገብታ እንደ ጆንያ ደግፋ አሻገረችኝ። ሀዲጃ ገና ስታየኝ አለቀሰች። በራሷ ሕመም አንድ ቀን እንባ ያልወጣት ሴትዮ "አሰጉ፣ አንቺም እንዲህ ሆንሽ?" አለች። ንዴቴ እዚህ ደረሰ። "ሁለተኛ በሰው ክንድ ተንጠልጥዬ ደጅሽን አልረግጥም፤ ስመጣ በእግሬ ነው የምመጣው" አልኳት። "እልኸኛ፣ እንዳሻሽ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ካልኩ አልኩ ነው። ሟቹ ባሌ በሕይወት ቢኖር ይመሰክር ነበር።

ታዲዮስን ያመጣችው ፀዳለ ናት። የጎረቤታችን ከተማ የወናጎ ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ወድቀው የተነሱ አዛውንቶችን እንቅስቃሴ እያሠራ ያጠናል፤ በማክሰኞና በሐሙስ ወደየቤታቸው ይሄዳል። መሣሪያው ዓይን ላይ የሚታሰር ጥቁር ሳጥን ነው፣ እሱ መነጽር ይለዋል። እሱን ካሰሩት በኋላ የራስን ሳሎን ማየት የለም፤ ሌላ አገር ነው የሚታየው። "ጨዋታ ነው፣ እማማ። እየተጫወቱ ሚዛንዎን ይጠብቃሉ" አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጨዋታ ሲለኝ ልቆጣ ነበር። ፀዳለ ግን ቀደም አለችና "የመጨረሻውን ፈተና ካለፍሽ ጓጉንቸሩን አነሳለሁ፣ እማዬ። ታዲዮስ ምስክሬ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ምን እላለሁ፣ እሰሩብኝ አልኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። ወንዝ አለው፣ ሣር አለው፣ መንገዱ ላይ የሚቆልፍ ሰው የለም። በወገቤ ላይ ሰፊ ቀበቶ ያስርና ታዲዮስ ከኋላ ይዞኝ ይቆማል፤ እኔ በጠባብ የእንጨት ድልድይ ወንዙን እሻገራለሁ። መጀመሪያ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ ይይዘኝ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ቀበቶውን ላላ አድርጎ ይዞ "ጎበዝ፣ እማማ" ይለኝ ጀመር። ከቤቴ የወጣሁት ሳጥን ውስጥ ገብቼ ነው።

ያሸነፈኝ ወንዙ ሳይሆን ወንበሩ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ በመነጽሩ ውስጥ አንድ ሰፊ ክፍል ይታየኛል። በሩ እየተከፈተ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ደወል እስኪደወል ንቅንቅ ማለት የለም። ሐሳብ ሳይበተን ሰውነትን መግዛት ነው ይላል ታዲዮስ። ታዲያ በሩ ይከፈትና አንዲት ሽበታም ሴትዮ፣ ምርኩዝ ይዛ፣ ቀጥ ብላ ወደኔ ትመጣለች። እኔ ደግሞ "ኖር" ብዬ ብድግ እላለሁ። ወዲያው ሁሉም ነገር ቀይ ይሆንና ጨዋታው ይቆማል። ሳይታዘዝ የተነሳ እንደወደቀ ይቆጠራል።

"እማማ፣ ሰው እኮ አይደሉም። ሥዕል ናቸው።"

"ሥዕል ከሆኑ ሽበቱን ከየት አመጡት?"

"ፈረንጅ ነው የሠራው፣ እኔ ልለውጠው አልችልም" አለና ሳቀ። ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔም መጀመሪያ ስሞክረው ተነስቼላታለሁ" አለኝ። ያን ቀን ይበልጥ ወደድኩት።

ግን በሽበታሟ ሴትዮ እየወደቅኩ የሀዲጃ መሄጃ ቀን ተቃረበ። ሰላምታ እንኳ የማታውቅ ሴትዮ እኔንና ሀዲጃን ልትለያየን ነው። ስለዚህ ብልግና መለማመድ ጀመርኩ። ፀዳለ የቢሮዋን ሰዎች ይዛ ስትመጣ ጭኔን ጭምድድ አድርጌ ይዤ እቀመጣለሁ። ቅዳሜ የንስሐ አባቴ መጡ፤ ለእሳቸውም ልቀመጥ ሞከርኩ። ሳላውቀው ግማሽ መንገድ ተነስቼ፣ እንደገና ተቀምጬ፣ እሳቸው "ምን ነካሽ ልጄ፣ ያምሻል?" አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ለልምምድ ነው ብዬ ለቄስ አይነገር ነገር። ቢሆንም እየቆየ ለመደልኝ። ሰው ሲገባ እንደ ኪራይ ዕቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል፣ ቻልኩት።

ፈተናው የዋለው አረፋ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ፀዳለ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች፤ በሩም ክፍት ነበር። ታዲዮስ መነጽሩን አሰረልኝ፣ ጆሮዬ ላይም ማዳመጫ ደፋብኝ። በሆዴ "እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ ባለጌ አድርጊኝ" አልኩ። በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ገባ፤ ተቀመጥኩ። ወጣ። ሌላ ገባ፤ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ያቺ ሽበታም መጣች፣ ምርኩዟን ይዛ ፊቴ ቆመች። ያኔ የቅርንፉድ ሽታ ሸተተኝ። የሀዲጃ ልብስ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ቅርንፉድ ተነስንሶበት ነው የሚቀመጥ፣ ከሩቅ ትታወቃለች። የወለሉ ጣውላም ከእግሬ ሥር ረገብ ያለ መሰለኝ። ናፍቆቴ ነው አልኩ። ዛሬስ አታታልሉኝም አልኩ። ወንበሩን ይበልጥ ጨበጥኩና ፊቴን አጠቆርኩባት። ብዙ ቆመች። ደወሉ ሲደወል ተነሳሁ፣ ወንዙን ተሻገርኩ፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆነ።

መነጽሩን ሳወልቅ ሀዲጃ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር።

የመንገድ ልብሷን ለብሳለች፣ ሙሐሲን ክንዷን ይዟታል። ፀዳለ አፏን በእጇ ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። የሐኪሙ ቀጠሮ ከአረፋ በፊት ሆኖ ዛሬውኑ መሄዳቸው ነው፤ መኪናው ደጅ ሞተሩን አላጠፋም። እኔ በእግሬ እስክመጣ ስትጠብቅ፣ ጊዜ ሲያጥራት ያንን ያበጠ እግሯን እየጎተተች እሷ መጣች።

"ኖር እስክትዪኝ ቆሜ ጠበቅኩሽ፣ አሰጉ" አለች። ልትስቅ ሞከረች። "አልነሳም ብለሽ ወንበሩን ስትጨብጪ አየሁሽ።"

"አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም" አልኳት። "እንዳልነሳ ነበር የተማርኩት።"

"ልጆቹ ነግረውኛል፣ ፈተና ነው፣ አትናገሪ አሉኝ። አውቄ እንኳ ከፋኝ። ምን ላድርግ።"

ወደሷ ሄድኩ። ማንም አልያዘኝም፤ ሳሎኑን በሙሉ በእግሬ ተሻግሬ አቀፍኳት። "ኖር" አልኳት ጆሮዋ ሥር። "በአላህ" አለችኝ፣ "ቆመሽ የለ እንዴ።" አጥንት ብቻ ሆናለች። ላስቀምጣት ፈለግኩ፣ ሙሐሲን ግን "እማማ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይቅርታ" አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ደግፎ ወሰዳት።

ፀዳለ ቃሏን አላጠፈችም። ማታውኑ ጓጉንቸሩንና ቁልፉን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። ቦዩን ተሻገርኩ። ከገደብ ከተማ የሚመጣ ቡና የጫነ አይሱዙ አሳለፍኩ፣ ባጃጆቹንም አሳለፍኩ፣ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ሀዲጃ በር ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፣ ከኔው የሚበልጥ። ቢሆንም አንኳኳሁ። "በእግሬ መጣሁ" አልኩ። ዞር ስል ፀዳለ ደጃችን ቆማ እያየችኝ ነው፣ ደስ ብሏት እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት፤ ምን ልበላት?

ከዚያ ወዲህ በሩ ክፍት ነው የሚውለው። ፀዳለ ስትወጣ "እማዬ፣ ታዲዮስ ተራመጂ ብሎሻል፣ ትንሽ ውጪ እንጂ" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። ስትመለስ እዚያው ወንበሬ ላይ ታገኘኛለች።