ደህና ናችሁ የሚለው መኪና

ዶክተሩ የገዛ ድምፁን የፈራው አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከሆስፒታሉ ሲወጣ ነው። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ መንገዱ ላይ ነፋስ ከሚያንከባልለው ፌስታል በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ከሕንፃዎቹ ጀርባ አንድ ሰው «እናቶች፣ አባቶች፣ ደህና ናችሁ?» አለና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም አለ። ቆይቶ ደግሞ «በራችሁን ዝጉ፤ ከቤት አትውጡ» አለ። ሰውየው ራሱ ዶክተሩ ነበር።

ድምፅ ማጉያ የተሸከመ መኪና በየሰፈሩ እያዞረ እንዲያሰማው ድምፁን የቀዱት ወረርሽኙ የገባ ሰሞን፣ በራጅ ክፍሉ ውስጥ ነው። ግድግዳው በእርሳስ የተለበጠ ስለሆነ ከውጭ ኮሽታ አይገባም ተብሎ ነበር፤ ለዚህም ይሆናል ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስለው። ከጥያቄው በኋላ ያለችው ዝምታ ግን የልማድ ነገር ናት። ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ ፊት ተቀምጦ ደህና ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን ሳይሰማ አልፎ አያውቅም። ሕክምና ማለት ለእሱ ጠይቆ መጠበቅ ነበር። አሁን አንድን ከተማ ሙሉ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት ግን የለም።

የሚመልስለት ሰው እንዳለ የነገረችው እህቱ ናት። ከእናታቸው ጋር ትኖራለች፤ ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

«ያ መኪናህ በራችን ላይ ይቆማል አሉ» አለችው በስልክ። «እኔ ሥራ ስውል እማዬ ያለ ጭምብል ወጥታ ስታዋራው ትቆያለች። ጎረቤቱም ልጇ መጣላት እያለ ይከባታል።»

«ቴፕ ነው አላልሻትም?»

«ብያታለሁ። ‹ቴፕ ደህና ናችሁ ብሎ ይጠይቃል ወይ?› አለችኝ።»

«እኔ በየቀኑ እደውልላት የለ እንዴ?»

«የሚደውለውን ሰውዬ አላመነችውም። ‹ልጄ እንዳይናፍቀኝ ብለው የሆስፒታሉ ሰዎች የሚያስደውሉት ነው› ትላለች።»

እጁ ሳያስበው ወደ ጉሮሮው ሄደ። በጭምብል ውስጥ እየጮኸ ስለሚውል ድምፁ ከሻከረ ሰንብቷል። እናቱ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሰው የምትለየው በጆሮዋና በመዳፏ ነው። ደረቷ ሲያፏጭ እየሰማ ያደገ ልጅ ስለሆነ፣ ይህ በሽታ እዚያ ደረት ውስጥ ቢገባ እንደማትተርፍ ያውቃል። ደጃፏን ያልረገጠውም ስለዚሁ ነው። የሚያንገበግበው ግን መኪናው እዚያ በር ላይ እንዲቆም የለመነው ራሱ መሆኑ ነው። «እናቴ ማስጠንቀቂያውን አጥርታ ትስማው፤ እሷ ጋ ስትደርስ ቆም በልልኝ» ብሎት ነበር ሾፌሩን።

በማግስቱ መኪናውን መንገድ ላይ አስቆመው። ሾፌሩን ሰፈሩ ሁሉ ጡሩምባ ይለዋል።

«ምነው ዶክተር፣ ራስዎን ሊያዳምጡ መጡ?» አለ ጡሩምባ። «እኔማ ከሚስቴ ይልቅ የምሰማው እርስዎን ሆኗል። ተኝቼም ደህና ናችሁ ይሉኛል።»

«ትመልስልኛለህ ታዲያ?»

«ምን ላድርግ፤ ካልመለስኩ አያልፉማ።»

ዶክተሩ አልሳቀም። «የእናቴ በር ላይ ከእንግዲህ እንዳትቆም።»

«ትናንት ላልፍ ስል እናትዎ መሐል መንገድ ላይ ወጥተው ቆሙብኝ። አልገጫቸው ነገር።»

አብረው ሄዱ። እናቱ በነጠላ ጫማ፣ መንገዱ መሐል ቆማ ነበር። ሦስት አራት ጎረቤቶች ከኋላዋ ተጠጋግተዋል። ዶክተሩ ወርዶ ራቅ ብሎ ቆመ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ግቢ።»

ፊቷን ወደ መኪናው አናት፣ ወደ ድምፅ ማጉያው እንዳቀናች ናት። «ዞር በል፤ ልጄን እያነጋገርኩ ነው።»

«ልጅሽ እኔ ነኝ።»

«አንተ በስልክ የምትደውለው ሰውዬ ነህ» አለች ረጋ ብላ። ከዚያ ግን ምን እንዳሰበች እንጃ፣ እጇን ዘረጋች። «እስቲ ፊትህን ስጠኝ።»

መዳፏ ፊቱ ላይ ቢያርፍ በቃ፣ ነገሩ ባለቀ ነበር። እሱ ግን የመጣው ከበሽተኞቹ ክፍል ነው። ወደ ኋላ ሸሸ።

«ልጄ እጄን አይሸሽም» አለች ለጎረቤቶቿ፤ እነሱም ከእሱ ራቅ ራቅ አሉ።

ዶክተሩ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባና ቴፑን አጠፋው። ማይክራፎኑን ይዞ ሊናገር ሲል፣ የሻከረው ድምፁ እንደማያዋጣው ገባው። ውሃ ጠጣ። ዓይኑን ጨፍኖ የራጅ ክፍሉን አሰበ፤ ያን ጊዜ ገና በዚህ በሽታ አንድም ሰው እጁ ላይ አልሞተም ነበር። ከዚያ የዚያን ሰው ድምፅ ማስመሰል ጀመረ።

«እናቶች፣ አባቶች፣ ደህና ናችሁ?»

ጠበቀ።

«ደህና ነኝ አባቴ» አለች እናቱ።

«በርሽን ዝጊ እማዬ። ከዛሬ ጀምሮ ከውስጥ ሆነሽ መልሺልኝ። እሰማሻለሁ።»

«እሺ። ከዚህ ሰውዬ ግን ተጠንቀቅ።»

ገባች። መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማ። ጎረቤቶቹም ተበተኑ። ያኔ ነው መንገዱን ያስተዋለው፦ ዝግ የመሰሉት በሮች ሁሉ ለካ ገርበብ ብለው ኖሯል፤ ከዚያኛው ጫፍ ጀምሮ አንድ ባንድ እየተዘጉ ወደ እሱ መጡ።

ወርዶ አጥሩ ሥር ቆመ። ከውስጥ የደረቷ ፉጨት ይሰማል፤ እንደ ዱሮው ነው፣ አልባሰም። ጡሩምባ ቴፑን መልሶ ከፈተው።

«ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነኝ አባቴ» አለች ከበሩ ጀርባ። ከጎረቤት አጥር ውስጥ ሌላ ሰው «ደህና ነን» አለ። ከማዶም አንዱ፤ ከዚያ ወዲያም ሌላው።

ከዚያ መንገዱ ፀጥ አለ። ድምፁ ግን ወደሚቀጥለው አላለፈም። ዝምታዋ ዛሬ የረዘመች መሰለችው፤ ጡሩምባን ቢያየው፣ እሱም መሪውን ይዞ እያየው ነው።

«ደህና ነኝ» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ።

«በራችሁን ዝጉ» አለ ድምፁ።